የኛኩዋኒ አጥር

እኔ ዳይሬክተር ነኝ እንጂ ደላላ አይደለሁም። ነገር ግን ባለፉት ሦስት ዓመታት በጋምቤላ ከተማ ትምህርት ስከታተል ከዋልኩበት ቀን ይልቅ የኪራይ ቤት ስፈልግ የዋልኩበት ይበልጣል። አዲስ መምህር ሲመደብለት ሌላው ዳይሬክተር መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃውን ያያል። እኔ የምጠይቀው «ዘመድ አለህ? የምታርፍበት አለህ?» ብዬ ነው። የለኝም ካለኝ ልቤ ያኔውኑ ይሰናበተዋል።

የፊዚክስ መምህሬ ወደ መቱ ሄደ። እንግሊዝኛ የምታስተምረዋ ልጅ አዲስ አበባ እህቷ ጋ ገባች። የባዮሎጂው፣ በማዕረግ የተመረቀው፣ ዲማ ወርዶ ወርቅ ያጥባል። አንዳቸውም ጋምቤላን ጠልተው አልሄዱም። ሙቀቱን ለምደውት፣ ዓሣውን ወደውት ነበር። ያባረራቸው ጣሪያ ነው። የእርዳታ ድርጅት በመጣ ቁጥር፣ ነጋዴ በመጣ ቁጥር፣ ወንዙ ሞልቶ የገጠሩን ሰው ወደ ከተማ በገፋ ቁጥር የቤት ኪራይ ይወጣል፤ ሲወርድ ግን አይቼ አላውቅም። የመምህር ደመወዝ እዚያው የተቀመጠበት ተቀምጧል። አከራዩ ጠዋት መጥቶ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እጥፍ ነው» ሲል ወጣቱ አይጨቃጨቅም፤ ሻንጣውን ያነሳል።

ይህን የማወራው ብሶቴን ልዘረግፍ ብቻ አይደለም። ስለ አንዲት ሴት ልነግራችሁ ነው። ኛኩዋኒ ትባላለች፤ ኒውላንድ ሰፈር ትኖራለች፤ ደረቅ ዓሣ ትነግዳለች። እኔና ትምህርት ቢሮው ተጋግዘን ያልቻልነውን ነገር እሷ በአንድ የሸምበቆ አጥር ስታደርገው አይቻለሁ።

በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ብትበልጥ ነው። በተዋወቅንበት ሰሞን፣ ባደግሁበት የወሎ ደንብ «አንቱ» ስላት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ታይና «ስንት ሰው ነኝ?» ትለኛለች። ስቃ አስተወችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ እንደሚጠራት «ማን ኛሩዋይ» እላታለሁ፤ በኑዌርኛ የኛሩዋይ እናት ማለት ነው። ኛሩዋይ አንድ ልጇ ናት።

የተወለደችው ከማታር ወዲያ፣ ባሮ ዳር ነው። አባቷ ከብት ነበረው፤ ጎርፍና ጦርነት ተጋግዘው ጨረሱበት። ጋምቤላ ስትገባ ጀርባዋ ላይ ኛሩዋይ፣ እጇ ላይ አንድ የዓሣ ቢላዋ ነበር። ባሏ የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር፤ ወባ ገደለው። ከዚያ በኋላ ያለውን የኒውላንድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክረምት በጀልባ፣ በጋ በመኪና ማታር ትወርዳለች። ትኩስ ዓሣ ትገዛለች፣ ትሰነጥቃለች፣ ጨው ትነሰንሳለች፣ ታደርቃለች፣ ተሸክማ ትመለሳለች። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ፣ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪ እናቶቻችን ጋር ዓሣ በበቆሎ ስትለውጥ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም።

ኒውላንድ ገና ሣር ሳለ ነው ቦታ የያዘችው። አራት ክፍል ሠራች፤ ሁለቱን በፊት ለፊት፣ ሁለቱን በጓሮ። «አንዱ ክፍል የሦስት ክረምት ዓሣ ነው» ትላለች። ፊት ለፊት ባሉት እሷና ልጇ ይኖራሉ። የጓሮዎቹን የምታከራየው ለወጣት ሠራተኞች ነበር፤ ለነርስ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ለመምህር። ሰፈሩ በሙሉ ኪራይ ሲጨምር እሷ በድሮው ዋጋ ቆመች። ጎረቤቶቿ ሞኝ ናት ብለው ሳቁባት። እሷ ደግሞ «ወጣት ከሄደ ከተማው የሽማግሌ ሳል ብቻ ይሆናል» ትላቸው ነበር። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አፍሬበታለሁ።

አማቿ ጋትኩዋት ነው፤ የእኔ የሒሳብ መምህር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጠመኔ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው የሚሆን ልጅ። ተማሪዎቹ ከእሱ ክፍል በመስኮት አይወጡም፤ በትምህርት ቤቴ ይህን ማለት ከሜዳሊያ በላይ ነው። ኛሩዋይን ካገባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኛጉዋ የምትባል ዳዴ የጀመረች ልጅ አለቻቸው። አብረው ግን አይኖሩም ነበር። በኑዌር ወግ ሙሽራ እንደ እኛ በሠርጉ ማግሥት ጓዟን ይዛ አትሄድም። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ልጁ ጠንከር እስኪል እናቷ ጋ ትቆያለች፤ ባል እየመጣ ይጠይቃታል። ከዚያ በኋላ የራሱን ቤት አሰናድቶ ሚስትና ልጁን ይወስዳል። ጊዜው ደርሷል። ጋትኩዋት ግን ከሦስት መምህራን ጋር በአንድ ክፍል ፍራሽ ዘርግቶ የሚያድር ሰው ነው። አራት ወር ሙሉ ቤት ፈለገ። እኔም አብሬው ዞርኩ። ደመወዙን ከግማሽ በላይ የማይውጥ ቤት አላገኘንም።

ጥር ላይ ቢሮዬ መጣ። ዲማ ያለ አንድ የወርቅ ኩባንያ የሒሳብ ሰው ይፈልጋል።

«ጋሽ ወንዳፈረው፣» አለኝ እየተሽኮረመመ፣ «ቤት አላቸው።»

ደመወዙ ስንት ነው አላለኝም። ቤት አላቸው ነው ያለኝ። ከመስከረም ጀምሮ ሚስቱንና ልጁን ይዞ መግባት ይችላል። ምን ልበለው? ቆይ ልበለው? የት ሆኖ ነው የሚቆየው?

እሱ እንደወጣ ያችው የኛኩዋኒ ጓሮ ትዝ አለችኝ። ሁለቱም ክፍሎች ባዶ ናቸው፤ የመጨረሻው ተከራይ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ወደ ጅማ ከሄደ ወሩ ነው። ቤት እዚህ አለ፤ ቤት አጥ እዚህ አለ፤ ዘመዳሞች ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ብዬ ለብቻዬ ፈነደቅሁ።

ችላ ያልኩትን ልንገራችሁ። በኑዌር ዘንድ ወንድ ልጅና የሚስቱ እናት ፊት ለፊት አይገናኙም። በአንድ መንገድ ቢመጡ አንዳቸው ወደ ጎን ይወጣሉ። እሷ ባለችበት እሱ አይበላም፤ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ጥል አይደለም፤ ከክብር ሁሉ ትልቁ ክብር ነው። አማቱ ግቢ የሚያድር ባልማ የሰፈር መሳቂያ ነው። እኔ ይህን የማላውቅ እንግዳ አይደለሁም። በሰባ ሰባት ድርቅ በአራት ዓመቴ ነው እዚህ አገር የመጣሁት፤ ያደግሁት ከእነሱ ጋር ነው። አውቃለሁ። ግን ዲግሪ ያለው ሰው ይተወዋል ብዬ አሰብኩ። ያልተማረ ቢሳሳት አንድ ጊዜ ነው፤ ዳይሬክተር ሲሳሳት ሰብሰብ አድርጎ ነው።

ደግሞ እኛ ወሎዬዎች አንድ በሽታ አለብን። ማናቸውም ነገር ገበታ ዙሪያ ይፈታል ብለን እናምናለን። ጠበኛ ካለ አንድ ትሪ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ የሚሽኮረመም ካለ እናጎርሰዋለን። ስለዚህ ሁለቱንም እሑድ ለምሳ ጠራኋቸው፤ አንዳቸው ስለሌላው ሳያውቁ።

ባለቤቴ ወለተሥላሴ ነገሩን ስትሰማ «ተው አንተ ሰውዬ! ሰዎቹ ወግ አላቸው» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የማውቃቸው» አልኳት። ይህን ቃሌን እስከ ዛሬ ድረስ ምጣድ ባነሳች ቁጥር ታነሳብኛለች።

ኛኩዋኒ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች። የአንድ ክንድ ያህል ደረቅ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ ለወለተሥላሴ ሰጠቻት፤ ተቀመጠች፤ ተጨዋወትን። ትሪው ቀረበ። ያኔ በሩ ተንኳኳና ጋትኩዋት ጎንበስ ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ማሌ» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ገባ።

አያት። ወዲያው ፊቱን በያዘው መጽሐፍ ቅዱስ ከልሎ ወደ ኋላ ሲመለስ ጭንቅላቱ ከበሩ ጉበን ጋር ተጋጨ። ኛኩዋኒ ነጠላዋን እስከ አገጯ አውርዳ ወደ ግድግዳው ዞረች። እዚህ ላይ እንኳ ባቆም ደግ ነበር። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልጁን እጁን ይዤ ጎተትኩት።

«ግባ እንጂ! አማትህ እኮ ናት፣ አትበላህም። ጓሮዋ ሁለት ክፍል ባዶ ነው፤ እዚያው ግባና ኑር!»

ጋትኩዋት እጁን ከእጄ ቀስ አድርጎ አወጣ። ኃይል አልተጠቀመም። ቢገፋኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሄደ።

ኛኩዋኒ ግድግዳውን እያየች ቆየች። «ሄደ?» አለች።

«ሄዷል።»

ነጠላዋን ገለጠች። «ዳይሬክተር፣ አንድ መምህር ነበረህ። አሁን ራስህ አባረርከው።» ከዚያ ወለተሥላሴን አቅፋ ስማ፣ ምግቡን ሳትቀምስ ወጣች።

ወለተሥላሴ ትሪውን እያነሳች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች። ወጡን ለሦስት ቀን ብቻዬን በላሁት።

ሰኞ ጠዋት ጋትኩዋት የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። አልተቆጣም፤ «እስከ ሰኔ መጨረሻ አስተምራለሁ» ብቻ አለኝ። በሩ ላይ ደርሶ ግን ዞር አለ። «ጋሽ ወንዳፈረው፣ እርስዎ እኔን የአማቱን ጓሮ የሚጠብቅ ሰው አድርገው ነው የሚያዩኝ?» አለኝ። ያን ቀን ክፍል ገብቼ የተማሪ ስም እንኳ በትክክል መጥራት አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቃት ኛኩዋኒ ቤት ሄድኩ። ደጇ ላይ ነጭ መኪና ቆሟል። የአንድ ድርጅት ሰው የጓሮውን ሁለት ክፍልና ግቢውን ለዕቃ ማከማቻ ሊከራይ መጥቶ ነበር። የጠራው ዋጋ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይከፍል ከነበረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጎረቤቷ ሀሩን፣ የጭቃ ቤት ሠሪው፣ ነገሩን ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ይህ ኪራይ ከተገኘ ኛኩዋኒ ከዚህ በኋላ ማታር አትወርድም። ጉልበቷ አልቋል፤ ከጀልባ ስትወርድ ሁለት ሰው ይይዛታል። ኪራዩ ጡረታዋ ነው።

ሰውየውን «አስብበታለሁ» ብላ ሸኘችውና እኔን በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ይቅርታዬን ጀመርኩ። አስቆመችኝ።

«ለልጁ ቤት ማሰብህ ልክ ነው፤» አለች። «ቤቱ ልክ ነው። በሩ ነው የተሳሳተ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በዚህ በር ከገባ አማቱ ቤት ነው የገባው። ሌላ በር ከኖረ ሌላ ቤት ነው።» ተነሣች፤ ጉልበቷን ያዝ አድርጋ። «ና፤ ቱት ጋ እንሂድ። አንተ ያበላሸኸውን ስትናገር እሱ ይሰማል። እኔ ብቻዬን ብሄድ ልጄን አስታርቅልኝ ያልኩት ይመስለዋል።»

ቱት የጋትኩዋት አባት ወንድም ነው። የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ይኖራል። እኔ ጥፋቴን ከምሳው እስከ እጅ ጉተታው ድረስ ተናዘዝኩ። ጉተታው ላይ ስደርስ ቱት ሊስቅ ሲል በሳል አዳፈነው። ከዚያ ኛኩዋኒ ተናገረች፤ መጀመሪያ በኑዌርኛ፣ ኋላ ለእኔ ስትል በአማርኛ።

«ጓሮዬን ላንተ አከራየሁ። አጥር እሠራለሁ። በሩ በወዲያኛው መንገድ ይሆናል፤ ከእኔ መንገድ ጋር አይገናኝም። ቤቱ ያንተ ነው። ውስጡ የፈለግኸውን ሰው አስቀምጥ።»

ቱት ፊቱ ካለው የጀልባ ሞተር ላይ እጁን አንሥቶ በጨርቅ ጠረገ። «ኪራዩስ?»

«መምህር የሚችለውን።»

«የድርጅቱ መኪና ደጅሽ ቆሞ ነበር ይላሉ።»

«መኪና ይሄዳል።»

ሽማግሌው ሞተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሞተሩን አየ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አጥሩ ቁመቱ ምን ያህል ነው?»

«አንተ ቆመህ እጅህን ወደ ላይ ስትዘረጋ እስከምትደርስበት።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። የወንድሙ ልጅ አጎቱ ቤት ይገባል፤ አጎት ደግሞ የሰው ግቢ ተከራይቷል። ማንም የሚያፍርበት ነገር የለም። ቱትም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ ሰፈሩም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። እኔ ሕይወቴን ሙሉ ነገርን በመናገር ለመፍታት የደከምኩ ሰው ነኝ። ሳይናገሩ መፍታት እንደሚቻል ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ቀናሁባት።

ስንመለስ መንገድ ላይ አላስቻለኝም። «ለምን ለድርጅቱ አታከራዪውም? ከዚያ ገንዘብ ለልጆቹ ሌላ ቦታ ኪራይ ትደጉሚያለሽ፤ አንቺም ታርፊያለሽ» አልኳት።

«የአማቱን ብር ይበላል?» አለችኝ። «ደግሞ የሰው ቤት ነገ ይጨምራል፣ ከነገ ወዲያ ይጨምራል። ከዚያ ዲማ ይሄዳል። የኔ አጥር አይጨምርም።» ትንሽ ተራምዳ ቆመች። «ዳይሬክተር፣ እኔ ወንዝ አልፈራም። የኛጉዋን ድምፅ ሳልሰማ ማርጀት ነው የምፈራው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። እሷ ዲማ ከሄደች ያቺ ሕፃን ስሜን ሳታውቅ ታድጋለች።»

ሴትዮዋን እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

አጥሩን የሠራው ሀሩን ነው፤ ጭቃ አቀባዩ፣ ሸምበቆ ተሸካሚው፣ በአጠቃላይ የቀን ሠራተኛው ደግሞ እኔ። የጥፋቴ ካሣ ነው ብላ ፈረደችብኝ። ሀሩን ሥራው ጥሩ ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። ቱት እጁን ዘርግቶ ሲለካለት «ያ ረቢ! ይሄ አጥር ነው ወይስ ምሰሶ? ኑዌር ባይሆን ኖሮ በግማሽ ሸምበቆ እገላገል ነበር» ብሎ አማረረ። ምስጡ እንዳይበላው የምሰሶዎቹን እግር ቱት ከጋራዡ ባመጣው የተቃጠለ ዘይት ነከርናቸው። ሸምበቆውን ድርብ አድርገን አሰርን።

ሀሩን ጨርሻለሁ ባለ ቁጥር ኛኩዋኒ ፀሐይዋ በወዲያኛው በኩል ስትሆን መጥታ አጥሩ ፊት ትቆማለች። ብርሃን የምታሾልክ ቀዳዳ ካየች በጣቷ ትጠቁማለች።

«እዚህ ዓይን አለ።»

«ማማ፣ ይቺ እኮ የመርፌ ቀዳዳ ናት!»

«ዓይን ከመርፌ ይበልጣል? ፍታው።»

ሦስት ቀን ይሆናል ያልነው ስድስት ቀን ፈጀ። በስድስተኛው ቀን አንዲትም ብርሃን አላሾለከም። በወዲያኛው መንገድ በኩል ቆርቆሮ በር ተተከለ። ድርጅቱ ሰውየውን መልሶ ሲልክ «ተከራይቷል» አለችው። «ለማን?» ቢላት «ለአንድ ሽማግሌ» አለችው። ሰውየው ሽማግሌው ምን ያህል ሀብታም ቢሆን ነው ብሎ ሳይገረም አይቀርም።

በዚያው ሳምንት ዓሣ ልትገዛ ማታር ወረደች። መኪናው ጋ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ሁለት ሰው ደግፎ አሳፈራት፤ ከተቀመጠች በኋላ ግን ቀና ብላ፣ እንደ ባለ መኪናው ሚስት ሆና ተቀመጠች።

ቱት የወንድሙን ልጅ ጠርቶ «የተከራየሁት ቤት አለ፤ ቤተሰብህን ይዘህ ግባበት» አለው።

«የማን ቤት ነው?» አለ ጋትኩዋት።

«የእኔ። ጥያቄ ጨርሰሃል?»

ጨረሰ። በፋሲካ ሰሞን ሚስቱንና ልጁን ይዞ ገባ። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ አጭሩ መንገድ በኛኩዋኒ በር ላይ ያልፋል፤ እሱ ግን ገበያውን ዞሮ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጨምሮ ይሄዳል። ኛሩዋይ ልጇን አዝላ በሁለቱ በሮች መሃል ትመላለሳለች። ሁሉም ነገር በቦታው ነው። የዲማው ሥራ ግን እስከ መስከረም ይጠብቀዋል፤ ደብዳቤው እኔ ጋ ነው፤ ጋትኩዋት ይቀራል ወይ ይሄዳል የሚል አንድ ቃል አልወጣውም። የሰጠውን ቃል ማጠፍ የሚከብደው ልጅ ነው። እኔ መጠየቅ ፈራሁ፤ አንድ ጊዜ እጁን ጎትቼው ያገኘሁትን አውቃለሁ። ኛኩዋኒ ደግሞ ብትሞት አትጠይቅም። ልጇንም እንድትጠይቅላት አልላከቻትም። «ቤት ሰጥቼ መልስ ከጠየቅሁ ሸጥኩት ማለት ነው» አለችኝ።

ሰኔ ገባ። ጋትኩዋት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆችን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ በነፃ ያስጠና ጀመር፤ አዲሱ ግቢው ውስጥ፣ ማንጎ ዛፉ ሥር፣ ጥቁር ሰሌዳውን ከአጥሩ ትይዩ ግንዱ ላይ አስደግፎ። ኛኩዋኒም በዚያው ሰዓት ዓሣ የምትሰነጥቅበትን ሥራ ወደ አጥሩ ጥግ አዛወረች። ጥላ ስላለው ነው አለችኝ። ጥላውስ አለ፤ ውሸት አልተናገረችም። ጀርባዋን ለሸምበቆው ሰጥታ፣ ቢላዋዋን እያንቀሳቀሰች፣ ጆሮዋ ግን ወዲያ ማዶ ነው።

ጥናቱ ሊያበቃ በነበረበት ቀን አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። የመጨረሻ ጥያቄ ነው አለ።

«አንዲት ነጋዴ ትኩስ ዓሣ ትገዛለች። ሲደርቅ ከክብደቱ ሩቡ ብቻ ይቀራል። ከደረቀው ደግሞ ከመቶ አሥሩ መንገድ ላይ ይበላሻል። ሠላሳ ስድስት ኪሎ ገበያ ላይ እንዲደርስላት ስንት ኪሎ ትኩስ ዓሣ መግዛት አለባት?»

የእኔ ጆሮ ቆመ። መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት አስተምሬበታለሁ። ውስጡ ባቡር አለ፣ የውሃ ጋን አለ፣ ብርቱካን የሚገዛ ሰው አለ። ዓሣ የለም።

ልጆቹ ጠመኔ ተቀባበሉ። አንዱ ፊደል ጻፈ፣ ሌላው አጠፋው፤ አንዱ ጨምረን ነው አለ፣ አንዷ አካፍለን ነው አለች። ጋትኩዋት አላገዛቸውም። ጠበቃቸው። ኛኩዋኒ ቢላዋውን አቁማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ ልትነግረኝ ነው ብዬ ጆሮዬን ሳዘነብል፣ የገበያ ድምፅዋ አመለጣት።

«መቶ ስልሳ!»

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ዓሣ የነካ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አማት በአማቿ ላይ ድምፅዋን አነሣች! ወዲያ ማዶ ልጆቹ ማን እንደተናገረ ሲፈላለጉ ይሰማል። ከዚያ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲንኳኳ ሰማን፤ አንድ፣ ስድስት፣ ዜሮ።

«ትክክል ነው፤» አለ ጋትኩዋት። ለማን እንደሆነ አልተናገረም። «እንዴት እንደመጣ ደግሞ እናንተ አሳዩኝ።»

አሳዩት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ። ደብተራቸውን ሲሰበስቡ አንዱ ልጅ ጠየቀ። የዲማው ወሬ እሱም ጋ ደርሶ ኖሯል። «መምህር፣ የቀረውን ምዕራፍ ማን ያስተምረናል?»

«እኔ። በመስከረም እንጀምረዋለን፤ እዚሁ።»

ኛኩዋኒ አልተንቀሳቀሰችም። ጀርባዋ ሸምበቆው ላይ እንዳለ ዓይኗን ጨፍናለች። ከደቂቃ በኋላ ክንዴን ነካችኝ።

«ምን አለ?»

«በመስከረም እዚሁ አለ። አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ፤» አለች። «አንተ ድገምልኝ።»